ዘጠና ስምንት ጨዋታ፦ የጆን ኮልማን አጭር የሜዳ ዕድሜ



በቅድሚያ ሁለት ቀኖችን ላስይዛችሁ። አንደኛው ሚያዝያ 8 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ እኛ ዘንድ የሆሳዕና ዋዜማ፣ በአውስትራሊያዋ ሜልበርን ደግሞ በነሱ አቆጣጠር የፋሲካ ዋዜማ። ሁለተኛው ግንቦት 28 ቀን 1946 ዓ.ም. ነው፤ እሱም ቅዳሜ ነው። በሁለቱ ቅዳሜዎች መካከል አምስት ዓመት ከሃምሳ ቀን አለ። ጆን ኮልማን የሚባል ሰው በአገሩ ትልቁ ሊግ ውስጥ የተጫወተው በዚያ ጊዜ ብቻ ነው። ሃያ ዓመቱ ላይ ገባ፤ ሃያ አምስት ዓመቱ ላይ ጉልበቱ ከዳው። የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ቢቆጠሩ 98 ናቸው፤ መቶ እንኳ አልሞሉም። ይሁንና በዚያ ስፖርት የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ የሚሸለመው ሜዳሊያ እስከ ዛሬ በሱ ስም ይጠራል።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆኑ የመጀመሪያውን ቅዳሜ 1949፣ ሁለተኛውን 1954 ብላችሁ ያዙልኝ።

ስለ ሰውዬው ከማውራቴ በፊት ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል፤ ያለዚያ የኮልማን ታላቅነት የት ላይ እንዳለ አይገባንም። አውስትራሊያውያን፣ በተለይ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ሰዎች፣ “ፉቲ” እያሉ የሚያቆላምጡት ጨዋታ እኛ እግር ኳስ የምንለው አይደለም፤ ራግቢም አይደለም። ሕጉ መጀመሪያ በጽሑፍ የሰፈረው በ1859 እዚያው ሜልበርን ነው። ሜዳው ሞላላ ነው፣ ኳሱም ሞላላ ነው። በአንድ ቡድን 18 ሰው ይሰለፋል። በሜዳው በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ረጃጅም ምሰሶዎች ቆመዋል፤ አግዳሚ የላቸውም፣ መረብም የለም፣ ግብ ጠባቂም የለም። ኳሱ በመካከለኞቹ ሁለት ምሰሶዎች መሃል ተመትቶ ካለፈ ጎል ነው፤ ስድስት ነጥብ ያስገኛል። ወደ ጎን ስቶ በመካከለኛውና በዳር ምሰሶ መሃል ካለፈ ደግሞ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ኳስን በእጅ መወርወር ክልክል ነው፤ ወይ በእግር ይመታል፣ ወይ በአንድ መዳፍ ይዞ በሌላው እጅ ቡጢ ይላካል። ከጨዋታ ውጪ የሚባል ነገር የለም። ጨዋታው በአራት ክፍል ይከፈላል፤ ቡድኖቹ በየክፍሉ ማብቂያ አቅጣጫ ይለዋወጣሉ።

አንድ ሕግ ግን ከሁሉም በላይ ልብ በሉልኝ፤ “ማርክ” ይሉታል። ከተወሰነ ርቀት በእግር የተመታን ኳስ፣ ሌላ ሰው ሳይነካው፣ በአየር ላይ እንዳለ የቀለበ ተጫዋች ማንም አያስቸግረውም። ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ አነጣጥሮ የመምታት መብት አለው። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ወደ ላይ መዝለል ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ከሰው ሁሉ በላይ ወጥቶ ኳሱን የያዘ፣ የሚያደርገውን ለማድረግ ጊዜ ያገኛል። ለመቅለብ ሲሉ በፊት ለፊት ያለውን ሰው ጀርባና ትከሻ በጉልበት ተመርኩዞ መውጣትም በሕጉ የተፈቀደ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው “ዳኛው የት ሄደ?” ማለቱ አይቀርም።

በጎሉ አፍ ላይ የሚቆመው አጥቂ “ፉል ፎርዋርድ” ይባላል። እሱን እንደ ጥላ የሚከተለው ተከላካይ “ፉል ባክ” ነው። የኮልማን ቦታ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ጆን ኮልማን በኅዳር ወር 1928 በቪክቶሪያ ምዕራባዊ ጠረፍ ባለችው በፖርት ፌሪ ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ ከሜልበርን በስተደቡብ፣ በባሕር ዳር ላለችው ለሄስቲንግስ ተጫወተ። እዚያ በ37 ጨዋታ 296 ጎል አገባ። እንዲህ ያለ ቁጥር ከገጠር ሊግ ሲሰማ የከተማ ሰው ጥርጣሬ ይገባዋል፤ “ማንን ገጥሞ ነው?” ይላል። መጠየቁም ተገቢ ነው። ስምንት ለአንድ የሚያሸንፍ ሰፈር ብዙ ጀግና አለው፤ ወደ ትልቁ ሜዳ ሲመጣ ግን የሚጠፋው ብዙ ነው።

ትልቁ ሜዳ የቪክቶሪያ ፉትቦል ሊግ ነበር። ሊጉ መጫወት የጀመረው በ1897 ነው፤ ዛሬ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቶ የአውስትራሊያ ፉትቦል ሊግ ይባላል። ኮልማን በመጣበት ዘመን 12 ክለቦች ነበሩት፤ ከጂሎንግ በስተቀር ሁሉም የሜልበርን ሰፈሮች ናቸው። ካርልተን፣ ኮሊንግውድ፣ ሪችመንድ፣ ፉትስክሬይ፣ ኤሰንደን እያላችሁ ቁጠሩ። ዛሬ ፉትስክሬይ ብትሄዱ የሐበሻ ምግብ ቤቶችን በመንገዱ ዳርና ዳር ታገኛላችሁ፤ ሜልበርን የሚኖሩ ወገኖቻችን ሰፈሩን እንደ ቤታቸው ያውቁታል። ያኔ ግን የሠራተኛ ሰፈር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሰፈሩን ማልያ ቀለም ለብሶ ወደ ሜዳ ይተም ነበር።

ኮልማን የገባው ለኤሰንደን ነው። የቡድኑ አሠልጣኝና ዋና ተጫዋች ዲክ ሬይኖልድስ ነበር። ሬይኖልድስ የሊጉን የምርጥ ተጫዋች ሜዳሊያ፣ ብራውንሎውን፣ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። ያኔ አንድ ሰው እየተጫወተ ማሠልጠኑ እንግዳ ነገር አልነበረም። ሜዳው ዊንዲ ሂል ይባላል፤ ነፋሻው ኮረብታ ማለት ነው።

ያ ቅዳሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ሆቶርን ነበር። አዲሱ ልጅ ቁመቱ አንድ ሜትር ከ85 ነው፤ ለቦታው ግዙፍ የሚባል አይደለም። መጀመሪያ በእግሩ የመታው ኳስ ጎል ሆነ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ቀጠሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ብቻውን 12 ጎል አግብቶ ነበር። በሊጉ ታሪክ በመጀመሪያ ጨዋታው ይህን ያህል ያገባ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ አልተገኘም።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ቁጥሩ ብቻውን የሰውዬውን ነገር አይነግረንም። ኮልማንን ያዩ ሁሉ መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ጎሉ ሳይሆን ስለ ዝላዩ ነው። ሌሎች ትልልቅ አጥቂዎች በሰውነታቸው ክብደት ተከላካዩን ገፍተው ከፊት ሆነው ነበር የሚቀልቡት። እሱ ግን ከኋላ ይነሣ ነበር። ኳሱ ከሩቅ ተመትቶ ሲመጣ ሦስት አራት ሰው ከሥሩ ይተራመሳል፤ እሱ ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያ ተንደርድሮ፣ በሰው ትከሻ ላይ ወጥቶ፣ እጁን ከሁሉ በላይ ዘርግቶ ይቀልባል። መነሻውን ትንሽ ቢያስቀድም ባዶ እጁን ይወርዳል፤ ቢያዘገይ ይረገጣል። ጉልበት ብቻውን እዚህ ምንም አያደርግም፤ ልኩን ማወቅ ነው ጉዳዩ። ይህን ያህል ዘልሎ የሚወርድ ሰው ደግሞ የሚወርድበትን አይመርጥም። አንዳንዴ በአንድ እግር፣ አንዳንዴ በጎኑ፣ አንዳንዴ በሌላ ሰው ላይ ያርፋል። ሕዝብን ያስጨበጨበው ዝላይና በመጨረሻ የሰበረው መሬት ከአንድ ነገር የመጡ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

በየክፍሉ ማብቂያ ቡድኖች አቅጣጫ እንደሚለዋወጡ ነግሬአችኋለሁ። ኮልማን በሚጫወትበት ቀን ተመልካቹም አብሮ ቦታ ይለዋወጥ ነበር ይባላል። ኤሰንደን ወደ ሰሜን ሲያጠቃ ሰው ሰሜን ይከማቻል፤ ፊሽካው ሲነፋ ወደ ደቡብ ይጎርፋል። መደገፊያው ላይ ቆሞ ለማየት የከፈለ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ሜዳውን መዞር ያዋጣል ብሎ ነበር ማለት ነው።

ተከላካዮች ምን ያድርጉ? መዝለል የማይችል ሰው ሌላው እንዳይዘልል ያደርጋል። ማልያውን ያዙት፣ በክርን መቱት፣ ከመነሣቱ በፊት ገፉት። አንድ ነገር አስቡልኝ። ያኔ በዚህ ሁሉ ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ለ36 ተጫዋች፣ ጨዋታውን የሚመራው ዳኛ አንድ ብቻ ነበር። ሁለተኛ ዳኛ የተጨመረው በ1976 ነው፤ አሁን አራት ናቸው። አንዱ ዳኛ ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው። ኳሱ በሌላኛው ጫፍ ሳለ ፉል ባኩ ፉል ፎርዋርዱን የሚያደርገውን የሚያየው ከጎሉ በስተኋላ ያለው ሕዝብ ነው፤ ሕዝብ ደግሞ ፊሽካ የለውም።

በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ኤሰንደን በደረጃ ሰንጠረዡ አራተኛ ሆኖ ወደ ማጣሪያ ፍልሚያዎች ገባ። ከአራተኛ ተነሥቶ ዋንጫ የወሰደ ቡድን ከዚያ በፊት ጥቂት ነበር። አንዱን ጥሎ ሌላውን ጥሎ፣ በመስከረም 24 ቀን 1949 በሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ ለፍጻሜ ካርልተንን ገጠመ። ከ80 ሺህ በላይ ሰው ነበር። ኤሰንደን 125 ለ52 አሸነፈ። ዋንጫው የማን እንደሆነ ከረጅም ጊዜ በፊት ስለታወቀ በመጨረሻው ክፍል ለሕዝቡ የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ኮልማን የዓመቱን መቶ ጎል ይሞላ ይሆን? ኮልማን ወደ ሜዳ የገባው 94 ጎል ይዞ ነው። አምስት ጨመረ፣ 99 ሆነ። ጓደኞቹ ኳሱን ወደሱ፣ ወደሱ ብቻ ይልኩ ጀመር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል መቶኛው ገባ። በመጀመሪያ የውድድር ዓመቱ መቶ ጎል ያገባ ሌላ ተጫዋች የለም።

ያ ሜዳ ለእኛም የራሱ ትዝታ አለው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት ኦሎምፒክ የተደረገው እዚያው ነው። በኋላ በሜክሲኮ በማራቶን ወርቅ የወሰደው ማሞ ወልዴ በወጣትነቱ የሮጠው በዚያ መሬት ላይ ነው። በዚያው ኦሎምፒክ ፉቲም ለእንግዶች ማሳያ ተብሎ ቀርቦ ነበር። ነገር ግን የሊጉ ከዋክብት አልተሰለፉም፤ በኦሎምፒክ ደንብ ለመጫወት ገንዘብ ያልተቀበለ አማተር ብቻ ነበርና የሚፈቀድለት።

ታዲያ እነዚያ ከዋክብት ምን ያህል ይከፈላቸው ኖሯል? ይህ ጥያቄ ለኮልማን ነገር ዋና ነው። በ1930 ሊጉ ኩልተር ሎው የተባለ ደንብ አወጣ። ማንም ተጫዋች፣ ኮከብም ይሁን ተራ፣ በአንድ ጨዋታ ከሦስት ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ይከለክላል። ዓላማው ሀብታም ክለቦች ተጫዋች ሁሉ እንዳይሰበስቡ መከላከል ነበር፤ ቅን ዓላማ ነው። ጣሪያው በጊዜ ሂደት ከፍ ቢልም መንፈሱ ለረጅም ዘመን ቆየ። ስለዚህ የኮልማን ዘመን ተጫዋች ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደማንኛውም ሰው ሥራው ላይ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ይለማመዳል፣ ቅዳሜ በ30 እና በ40 ሺህ ሰው ፊት ይሰለፋል፣ ሰኞ ተመልሶ ሥራ ይገባል። “ፕሮፌሽናል” የሚለውን ቃል ስንጠቀም ዛሬ የምናስበውን ሰው አናስብ። ሜዳው በሱ ስም ይሞላል፤ የሜዳው መግቢያ ገንዘብ ግን ወደሱ አይመጣም። ጉልበቱ ሲሰበር የሚጠብቀው ውልም ሆነ ካሳ በዛሬው ሚዛን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ይህን የምለው ዘመኑን ለመኮነን አይደለም፤ ሰውዬው የሰጠውንና የተቀበለውን ጎን ለጎን እንድናይ ነው።

የ1950ን ዓመት በአጭሩ ልለፈው፤ ሁሉ ነገር የተሳካበት ዓመት ስለሆነ የሚነገር ብዙ የለውም። ኤሰንደን በመደበኛው ውድድር የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኮልማን 120 ጎል አገባ። በፍጻሜው ኖርዝ ሜልበርንን አሸንፈው ዋንጫውን ደገሙት።

1951 ግን ሌላ ነው። የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ቅዳሜ ላይ ኤሰንደን ከካርልተን ጋር ይጫወታል። ኮልማንን የያዘው ሃሪ ካስፐር የሚባል ተከላካይ ነው። ካስፐር መታው። ኮልማንም መልሶ መታ። ሁለቱም ተከሰሱ። በሳምንቱ መካከል የሊጉ የዲሲፕሊን ችሎት ተቀመጠና ለሁለቱም አራት አራት ሳምንት እገዳ ፈረደ። አራት ሳምንት ማለት የማጣሪያውና የፍጻሜው ጊዜ በሙሉ ማለት ነው። ኮልማን ከችሎቱ እያለቀሰ ወጣ። ደጅ ላይ የተሰበሰበው ደጋፊም እንደ ልቅሶ ቤት ሰው ተቀበለው።

ስለዚህ ፍርድ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የኔን አስተያየት ልናገር። ሕጉ “መጀመሪያ የመታው ማን ነው?” ብሎ አይጠይቅም፤ መታ ወይስ አልመታም ብሎ ነው የሚጠይቀው። በዚህ መንገድ ካየነው ችሎቱ ስሕተት አልሠራም። ነገር ግን ለሦስት ዓመት በየቅዳሜው ሲያዝ፣ ሲጎተትና ሲመታ አንድም ቀን ቀና ብሎ ያላየው ሊግ፣ ሰውዬው አንድ ጊዜ እጁን ሲያነሣ ግን አየው። ለካስፐርና ለኮልማን የተፈረደው እገዳ በቁጥር እኩል ነው፤ በክብደቱ እኩል አይደለም። ኤሰንደን ያለ እሱ ለፍጻሜ ደረሰ፤ በጂሎንግ 81 ለ70 ተሸነፈ። ልዩነቱ 11 ነጥብ ነው፤ ሁለት ጎል እንኳ አይሞላም። ኮልማን በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከአምስት ጎል በላይ ያገባ ነበር። ደጋፊው ያን ስሌት በቃሉ ነበር የሚያውቀው፤ ለልጆቹም አስተማረ።

በ1952 ቡድኑ ሲደክም እሱ 103 አገባ። በ1953 ደግሞ 97።

ወደ 1954 እንምጣ። ዓመቱ በጥሩ ሁኔታ ነበር የጀመረው። በሰባተኛው ሳምንት ኤሰንደን ፊትዝሮይን ገጠመ፤ ኮልማን 14 ጎል አገባ። በሊጉ በአንድ ቀን ያገባው ትልቁ ቁጥር ይህ ነው፤ በክለቡም ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ የለም። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ በጨዋታው የሚያውቀውን ሁሉ ሰውነቱ ገና የሚታዘዝበት ዕድሜ ላይ ነበር። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሰኔ 5 ነው፤ ተጋጣሚው ኖርዝ ሜልበርን፣ ሜዳው የራሳቸው ዊንዲ ሂል። ጉልበቱ ከመጋጠሚያው ወለቀ። ያን ጊዜ ተጎድቶ የተቀየረ ተጫዋች ወደ ሜዳ መመለስ አይፈቀድለትም ነበር። ኮልማንም አልተመለሰም። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ለመመለስ ሞከረ፣ ጉልበቱ እሺ አላለም።

ጉልበት ሲወልቅ ምን ይሆናል? ጉልበታችን ሁለት ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ለጫፍ የሚገናኙበት ቦታ ነው። እንደ ዳሌ መጋጠሚያ ጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠ አይደለም። አጥንቶቹን አንድ ላይ ያሠሩት ጅማቶች ናቸው፤ ከጎን ሁለት፣ መሃል ላይ ተላልፈው የሚያልፉ ሁለት። በመካከሉ እንደ ትራስ የሚያገለግል ልም አጥንት አለ። ሰው ሲሮጥ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ክብደት ጉልበት ይችላል። እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነት ሲዞር ግን ጭነቱ ሁሉ ጅማቶቹ ላይ ያርፋል። ከከፍታ ወርዶ፣ በአንድ እግር አርፎ፣ ወዲያው አቅጣጫ የሚለውጥ ተጫዋች በየቅዳሜው ይህን ያደርጋል።

በ1954 ሐኪም የጉልበትን ውስጥ ለማየት መክፈት ነበረበት። ኤክስሬይ አጥንት ያሳያል፣ ጅማት አያሳይም። በትንሽ ቀዳዳ መሣሪያ አስገብቶ ማየትና መጠገን የተስፋፋው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ኤም.አር.አይ. የሚባለው ምርመራ ደግሞ በ1980ዎቹ ነው የመጣው። ያኔ የተለመደው የተጎዳውን ልም አጥንት ቆርጦ ማውጣትና እግሩን በጄሶ ለብዙ ሳምንት ማሠር ነበር። ጄሶው ሲፈታ ጭኑ ከስቶ፣ መጋጠሚያው ደርቆ ይገኛል። ዛሬ መሃለኛው ጅማት የተበጠሰበት ተጫዋች ከራሱ ሰውነት በተወሰደ ጅማት ይተካለታል፤ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት በባለሙያ ተይዞ ሲለማመድ ከቆየ በኋላ ብዙው ይመለሳል።

ፒተር ሃድሰን የሚባለውን የሆቶርን አጥቂ ብንወስድ የዘመኑን ለውጥ እናያለን። ሃድሰን በ1971 በአንድ ዓመት 150 ጎል አገባ። በሚቀጥለው ዓመት በመጀመሪያው ጨዋታ ስምንት ጎል ካገባ በኋላ ጉልበቱ ተጎዳ። በ1973 መጨረሻ ግን በሄሊኮፕተር ወደ ሜዳ አምጥተውት፣ እንደገና ስምንት አገባ። በ1977 ደግሞ 110። ከኮልማን በኋላ በሃያ ዓመት ውስጥ የተሰበረ ጉልበት የመጨረሻ ቃል መሆኑ እየቀረ ነበር ማለት ነው። ደግሞም በአንድ ጨዋታ በአማካይ ባገቡት ጎል ከሁሉም በላይ ያለው ይኸው ሃድሰን ነው፤ በ129 ጨዋታ 727 አለው። ቀጥሎ ያለው ኮልማን ነው፤ በ98 ጨዋታ 537። ሁለቱም የጉልበት ሕመምተኞች መሆናቸው ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልድረስ። የኮልማን ስም በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ “ቢሆን ኖሮ” ይላል። ጉልበቱ ባይከዳው ኖሮ ስንት ያገባ ነበር? የሊጉ የምንጊዜም ትልቁ ጎል አግቢ ቶኒ ሎኬት በ281 ጨዋታ 1,360 አግብቷል። ኮልማን በራሱ አማካይ 281 ጨዋታ ቢጫወት 1,500 ያልፍ ነበር ብለው የሚያሰሉ አሉ። እርሳስ ይዞ ላሰላ ሰው ስሌቱ ልክ ነው። እኔ ግን አልቀበለውም። ሰው እየገፋ ሲሄድ መዝለሉ ይቀንሳል፤ ኮልማን ደግሞ ኑሮው በመዝለል ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው እንዴት ይጫወት እንደነበር ማንም አያውቅም። ከዚህም በላይ ያላደረገውን እየቆጠርን ያደረገውን እናሳንሳለን። 537 ጎል የትልቅ ቁጥር ግማሽ አይደለም፤ በራሱ ሙሉ ነው። ብሬንት ሃርቪ የሚባል የኖርዝ ሜልበርን ተጫዋች 432 ጊዜ ተሰልፏል፤ ትልቅ ክብር ነው፣ ጽናቱ ያስደንቃል። ነገር ግን ከኮልማን በኋላ ያለ ሁሉ ፉል ፎርዋርድ ሲለካ የሚለካው በ98ቱ ጨዋታ ነው። አጭር ዕድሜ የረጅሙ ቁራጭ ነው ብለን ማሰብ የለመድነው ለምን ይሆን?

ከ1954 በኋላ የኖረውንም ሕይወት እንደ ጭራ አላየውም። አግብቶ ልጆች ወለደ፤ ሆቴል አስተዳደረ። በ1961 ዲክ ሬይኖልድስ ከሃያ ዓመት በላይ የያዘውን የኤሰንደንን አሠልጣኝነት ተረከበ። ያኔ 32 ዓመቱ ነው። ብዙ ተጫዋች በዚያ ዕድሜ ገና ማልያ ለብሶ ይሮጣል፤ እሱ ግን ዳር ላይ ተቀምጦ የሌሎችን ጉልበት ያይ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በፍጻሜው ካርልተንን አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። በ1965 ሴንት ኪልዳን አሸንፎ ሁለተኛ ጨመረ። በተጫዋችነት ሁለት፣ በአሠልጣኝነት ሁለት፤ እኩል። እስከ 1967 አሠለጠነ። ከዚያ በድሮማና፣ ወጣትነቱን ካሳለፈበት ከሄስቲንግስ በማይርቅ የባሕር ዳር ከተማ፣ ሆቴል ይዞ ኖረ። በሚያዝያ ወር 1973 በልብ ሕመም ሞተ። 44 ዓመቱ ነበር። ሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በዕድሜም አጭር ነው የተሰጠው።

በ1981 ሊጉ ለኮከብ ግብ አግቢው የሚሰጠውን ሜዳሊያ በሱ ስም ሰየመ። ቆይቶም ከዚያ በፊት ለነበሩት አሸናፊዎች ወደ ኋላ ተመልሶ ለመስጠት ወሰነ። የጀመረው ከ1955 ነው፤ ማለትም ኮልማን ከሜዳ ከወጣ በኋላ ካለው ከመጀመሪያው ዓመት። በ1996 ሊጉ የመቶ ዓመቱን ምርጥ ቡድን ሲመርጥ፣ በጎሉ አፍ ላይ የተሰለፈው ይኸው 98 ጨዋታ የተጫወተው ሰው ነው።

የሜዳሊያውን ደንብ ያነበበ አንድ ነገር ያገኛል። የሚቆጠረው በመደበኛው ውድድር የገባ ጎል ብቻ ነው፤ በማጣሪያና በፍጻሜ የገባ አይቆጠርም። በመስከረም 1949፣ ከ80 ሺህ ሰው በላይ ትንፋሹን ይዞ የጠበቃት፣ ጓደኞቹ ኳሱን ሁሉ ወደሱ እየላኩ ያስገቧት ያቺ መቶኛ ጎል የገባችው በፍጻሜው ቀን ነው። በኮልማን ሜዳሊያ ደንብ አትቆጠርም።